«ሶሪ» ያለ ሁሉ አጥፍቷል?

ሐዋሳ ላይ «ሶሪ» የአማርኛ ቃል ሆኗል ማለት ይቻላል። ባጃጅ ውስጥ እግር የረገጠውም፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸር ሰው የገጨውም «ሶሪ!» ብሎ ያልፋል። ከዚህ ልማድ የተነሳ ይመስለኛል፣ ቃሉ «ይቅርታ» ብቻ የሚመስለን።

ትልቁ ስህተት «ሶሪ ያለ ጥፋቱን አምኗል» የሚለው ነው። እናቱ ያረፈችበት ሠራተኛ ለውጭ አገር አለቃው ሲነግር «አይ አም ሶሪ» ይባላል። «ኧረ አንተ ምን አደረግክ!» ብሎ የሚመልስ አይጠፋም። አለቃው ግን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ማለቱ ነው። «ታንክ ዩ» ይበቃዋል።

ኬንያና ኡጋንዳ ደግሞ ይብሳል። መንገድ ላይ ብትደናቀፉ፣ ራቅ ብሎ የቆመው ሰው ሳይቀር «ሶሪ!» ይላችኋል። በስዋሂሊ «ፖሌ» እንደሚሉት ነው። የእኛ «እኔን!» ማለት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። «እኔን» ያለውን ሰው ደግሞ ገፈተረኝ ብሎ የሚከስ የለም።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ኦንታሪዮ ደግሞ በ2009 ሕግ አወጡ። በፍትሐ ብሔር ክርክር ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን እንደማመን እንዳይቆጠር ደነገጉ። ሰው ክስ ፈርቶ አፉን እንዳይዘጋ ነው።

«ቃሉ የመጣው ሐዘን ከሚለው ‹ሶሮው› ነው» የሚሉም አሉ። ይመሳሰላሉ እንጂ ሥረ መሠረታቸው አንድ አይደለም። «ሶሪ» የሚዘመደው ሕመምና ቁስል ከሚለው «ሶር» ጋር ነው።

«ሶሪ እና ኤክስኪዩዝ ሚ አንድ ናቸው»? በጥቅሉ ለማለፍ ስትፈልጉ «ኤክስኪዩዝ ሚ»፣ ከረገጣችሁ በኋላ «ሶሪ» ነው። እንግሊዞች ግን ለማለፍም «ሶሪ» ስለሚሉ ብዙ አትጨነቁበት።

ኪስ የሚነካው ስህተት ሌላ ነው። የሐዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ላይ አንድ ቱሪስት የዓሣ ዋጋ ጠይቆ ሲነገረው፣ ድምፁን ወደ ላይ ስቦ «ሶሪ?» ቢል፣ ሻጩ «ተወደደበት» ብሎ ሊቀንስ ይችላል። እንዲህ ሲባል ግን የእኛ «አቤት?» ነው፤ አልሰማም ማለት ነው። ዋጋ ከመቀነስ በፊት ቁጥሩን ጮክ አድርጎ መድገም ነው።