በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና...

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ እልም ካለው ገደል ወደቅህ ወይ!»

ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የምንለው። «ሣሩን አየህና...» ብለን እንተወዋለን፤ የቀረውን ሰሚው ይሞላዋል።

አባባሉ የደጋ ሰው አባባል ነው። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሣር ለምለም ነው፤ ከብት ስለማይደፍረው ሳይጋጥ ይቆያል። በሬው አንገቱን ሰገግ አድርጎ ይግጣል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይበልጥ ያምረዋል፤ አንድ እርምጃ ይጨምራል። እረኛው ሲደርስ ነገር አልቋል። በሬ ሞተ ማለት ጥማድ ፈረሰ ማለት ነው። ገበሬው መከናጆ ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናል። አባባሉ ሙሾ ሙሾ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ግን ላላወቀ የሚነገር አድርጎ ይተረጉመዋል። እኔ አልስማማም። በሬው ዓይን አለው፤ ገደሉም አልተደበቀም።

ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር የሚታወሰኝ የኢጣሊያው ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ሦስተኛ ነው (ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ኦክቶበር 28 ቀን 1922 ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ወደ ሮም ሲገሰግሱ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ፋክታ መንግሥት ጦሩ እንዲያስቆማቸው የሚያስችል አዋጅ አዘጋጀ። የጎደለው የንጉሡ ፊርማ ብቻ ነበር። ጦሩ የማለውም ለእሱ ነው። አልፈርምም አለ። በሁለተኛው ቀን ሙሶሊኒን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገው። ሰማያዊ ሸሚዝ የሚለብሱት የዘውድ ወገን ብሔርተኞችም በ1923 ከፋሺስት ፓርቲ ጋር ተዋሃዱ። ስሌታቸው ይገባኛል፦ ሙሶሊኒ ሶሻሊስቶቹን ይመታልናል፣ ዙፋኑም ይጸናል።

በ1924 የሶሻሊስቱ እንደራሴ ማቴዮቲ ተገደለ። ተቃዋሚዎች ንጉሡ ሙሶሊኒን እንዲያነሣው ቢማጸኑም ዝም አለ። እዚህ ላይ ገደሉ ወለል ብሎ ይታይ ነበር።

ከዚያ ሣሩ በዛ። ሜይ 9 ቀን 1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተባለ። በእኛ ግንቦት 1 ቀን 1928፣ የልደታ ዕለት ነው። ሕዝባችን በመርዝ ጋዝ ተቃጥሎ፣ አርበኞቻችን ገና ዱር እየተዋጉ ነው ይህን ማዕረግ የተቀበለው። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። በ1938 አይሁዶችን ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ ያባረሩትን የዘር ሕጎች ፈረመ። በ1939 የአልባኒያን ዘውድ ደረበ።

ጁላይ 25 ቀን 1943፣ የተባበሩት ኃይሎች ሲሲሊ ከገቡና ሮም ከተደበደበች በኋላ፣ ሙሶሊኒን ቤቱ ጠርቶ ሻረው። ሰውዬውን በአምቡላንስ ጭነው ወሰዱት። ግን ሃያ ዓመት አልፏል። በሴፕቴምበር ከተባበሩት ጋር የተደረገው የተኩስ አቁም ይፋ በሆነ ማግስት ንጉሡ ራሱ ከሮም ሸሽቶ ብሪንዲዚ ገባ። ጦሩን ግልጽ ትእዛዝ ሳይሰጠው ነው ጥሎት የሄደው። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮቹ በጀርመኖች ተማረኩ።

ዘውዱን ለማዳን ሲል ለልጁ ለኡምቤርቶ ለቀቀ። ቀኑ ሜይ 9፣ 1946 ነበር፤ «ንጉሠ ነገሥት» ከተባለ ልክ አሥር ዓመት። ጁን 2 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፦ 12.7 ሚሊዮን ለሪፐብሊክ፣ 10.7 ሚሊዮን ለዘውድ። አባትዬው በ1947 እስክንድርያ በስደት ሞተ። አንድ ወር ብቻ የነገሠውን ኡምቤርቶን ኢጣሊያኖች «የሜይ ንጉሥ» ይሉታል።