የፈጣሪን ስም ማሰብ በሲኮች ዘንድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲክ (ሕንድ ውስጥ በፑንጃብ የተነሣው የሲክ ሃይማኖት ተከታይ) ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ጥምጣሙና ጢሙ ነው። የእምነቱ እምብርት ግን «ናም ሲምረን» የሚሉት ነገር ነው፤ የፈጣሪን ስም ዘወትር ማሰብ። ሲኮች የመሥራቻቸውን የጉሩ (የመምህር) ናናክን (እ.ኤ.አ. 1469–1539) ትምህርት በሦስት ነገር ይጠቀልሉታል። የፈጣሪን ስም ማሰብ፣ በላብ ሠርቶ ማደር፣ ያገኙትን ተካፍሎ መብላት። ሦስቱ አይነጣጠሉም። ስለ ስሙ የሚነገሩት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት የመጀመሪያውን ከሁለቱ ነጥሎ ከማየት ነው።

«አንድ ቃል መደጋገም ነው፤ ብዙ የጠራ ብዙ ያገኛል»

መደጋገሙስ አለ። ሲኮች ፈጣሪን በሚጠሩበት ስም «ዋሄጉሩ» እያሉ ድምፅ አውጥተውም፣ በለሆሳስም፣ በልባቸውም ይጠራሉ። እንደ መቁጠሪያ ወይም እንደ ሙስበሃ ያለ ዶቃ የሚይዙም አሉ። ቁጥሩ ላይ ግን አይመኩም። ከናናክ ጀምሮ ሲቆጠር ሦስተኛው ጉሩ፣ ጉሩ አማር ዳስ፣ ዓለም ሁሉ «ራም ራም» እያለ (ራምም የፈጣሪ መጠሪያ ነው) ይዞራል፣ ፈጣሪ ግን በዚህ አይገኝም ብለዋል። ይህ ቃላቸው በቅዱስ መጽሐፋቸው፣ በጉሩ ግራንት ሳሂብ ውስጥ ሰፍሯል።

ለምን እንዲህ አሉ? በሲኮች ትምህርት የሰው ዋና በሽታ «ሃኦማይ» ነው፤ «እኔ፣ እኔ» ባይነት። ስሙን የሚያስቡት ይህ «እኔ» እንዲቀልጥ ነው። ዛሬ ይህን ያህል ሺህ ጊዜ ጠራሁ ብሎ የሚኩራራ ሰው ታዲያ በሽታውን እየቀለበ ነው። ጸሎቱ ልቡ ውስጥ መግባቱ የሚታወቀው ቁጣው፣ ስስቱና ትዕቢቱ ሲቀንስ ነው።

«ዓለምን ትቶ መመነን ይጠይቃል»

ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በጉሩ ናናክ ዘመን ቤት ንብረታቸውን ትተው ተራራ የገቡ፣ ገላቸውን አመድ የተቀቡ ዮጊዎች ብዙ ነበሩ። ጉሩው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ያደረጉት ረጅም ጥያቄና መልስ በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። አቋማቸው ግልጽ ነበር፤ ሰው ትዳሩንና ሥራውን ይዞ ፈጣሪውን ማግኘት ይችላል። ራሳቸውም ከረጅም ጉዞ በኋላ በራቪ ወንዝ ዳር ካርታርፑር ሰፍረው፣ ከቤተሰባቸው ጋር እየኖሩ መሬት አረሱ።

ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ግን ናምዴቭ ነው። ናምዴቭ ከጉሩ ናናክ በፊት የኖረ፣ ጨርቅ ላይ ቀለም እያተመ የሚተዳደር፣ በምዕራብ ሕንድ የማሃራሽትራ ሰው ነው። ሲክ አልነበረም። ግጥሞቹ ግን በጉሩ ግራንት ሳሂብ ውስጥ ተካተዋል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ወዳጁ ትሪሎቻን ይጠይቀዋል፦ ምነው ጨርቅ ማተም ብቻ ሆነ ሥራህ፣ ልብህን ለምን ለፈጣሪ አትሰጥም? የናምዴቭ መልስ አጭር ነው። አፍህ ስሙን ይጥራ፣ እጅና እግርህ ሥራቸውን ይሥሩ፣ ልብህ ከእሱ ጋር ይሁን።

በሌላ ግጥሙ ይህንኑ በሰፈር ሰው ያሳየዋል። ልጅ ወረቀት ቆርጦ ካይት ያበራል። ከጓደኞቹ ጋር ያወራል፤ ሐሳቡ ግን ክሩ ላይ ነው። ልጃገረዶች እንስራ ተሸክመው ውሃ ይቀዳሉ። እየሳቁ፣ እያወሩ፣ እያጨበጨቡ ይመለሳሉ፤ ልባቸው ግን እንስራው ላይ ነው። እናት ሕፃኗን አስተኝታ የቤቱን ሥራ ትሠራለች፣ ትወጣለች ትገባለች። ልቧ ግን ከልጇ አይነቀልም። «ሥራ በዝቶብኝ ለጸሎት ጊዜ አጣሁ» ለሚል ሰው እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

«አእምሮን ባዶ ማድረግ ነው፤ ከዮጋ አይለይም»

ሲክ ሐሳቡን የሚሰበስበው የሚወደውን ለማሰብ ነው። ለዚህ የተደነገገ የሰውነት አቀማመጥ የለም። ሲኮች ጠዋት ጠዋት የሚደግሙት የጉሩ ናናክ ጸሎት፣ ጃፕጂ ሳሂብ፣ ገና ሲጀምር ይህን ያነሣል። መቶ ሺህ ጊዜ ቢያስቡ በማሰብ ብቻ አይደረስበትም፤ ዝም በማለት ብቻም የልብ ጸጥታ አይገኝም ይላል። መንገዱ በፈጣሪ ፈቃድ መሄድ ነው።

ውዥንብሩ መነሻ አለው። ዮጊ ባጃን የተባሉ መምህር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ኩንዳሊኒ የተባለውን የዮጋ ዓይነት ከሲክ ዝማሬዎች ጋር አዋህደው አስተማሩ። ነጭ ለብሰው፣ ነጭ ጥምጣም አስረው፣ እግራቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ምዕራባውያን የመጡት ከዚያ ነው። ብዙ ሲኮች ግን ይህን ዮጋ የሃይማኖታቸው አካል አድርገው አይቀበሉትም።

«ዋሄጉሩ የጣዖት ስም ነው»

አይደለም። ሲኮች የሚያምኑት መልክ በሌለው፣ ባልተወለደ አንድ ፈጣሪ ነው። የጉሩ ናናክ ሥዕል በብዙ ቤት ተሰቅሎ ይታያል፤ ምስል ማምለክ ግን ክልክል ነው። መጽሐፋቸው ፈጣሪን ራም፣ ሃሪ፣ አላህ፣ ራሂም እያለም ይጠራዋል።

«ለብቻ፣ ዓይን ጨፍኖ የሚደረግ ነገር ነው»

ለብቻ የሚደረግበት ሰዓትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1945 የጸደቀው የሲኮች ደንብ አማኙ ጎሕ ከመቅደዱ ሦስት ሰዓት ቀድሞ እንዲነሣ፣ ገላውን እንዲታጠብና «ዋሄጉሩ» እያለ ልቡን በአንዱ ፈጣሪ ላይ እንዲያሳርፍ ያዝዛል።

ነገር ግን ስሙ በጋራ፣ በዜማም ይታሰባል። ጉሩ ናናክ ሲጓዙ ራባብ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ ይጫወትላቸው የነበረው ማርዳና ነው፤ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ ወዳጃቸው። ዛሬም ጉርድዋራ በሚባለው የጸሎት ቤታቸው ኪርታን የተባለው ዝማሬ ትልቅ ቦታ አለው። ከዝማሬው ቀጥሎ ላንጋር አለ፤ ለመጣ ሰው ሁሉ በነጻ የሚቀርብ ማዕድ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሊጥ የሚያድበለብለው፣ ቂጣ የሚዳምጠው፣ ድስት የሚያጥበው በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው። እጁ ዱቄት እንደለበሰ በከንፈሩ «ዋሄጉሩ» የሚል ሰው እዚያ አይታጣም። ለትሪሎቻን የተሰጠው መልስ በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው።

«ለተጠመቁ ሲኮች ብቻ ነው»

አሥረኛው ጉሩ፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1699 የመሠረቱት ኻልሳ የሚባል ማኅበር አለ። ወደ እሱ የሚገባ ሰው ሥርዓት ይፈጸምለታል፣ ቃል ይገባል። የፈጣሪን ስም ለማሰብ ግን ይህ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ክህነት ስለሌላቸው ወንድም ሴትም ጸሎት መምራት ይችላል። የሌላ እምነት ሰውም ገብቶ መስማት ይፈቀድለታል። ዱባይ ላላችሁ፣ ጀበል አሊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተ ትልቅ ጉርድዋራ አለ። ጫማ ማውለቅ፣ ራስ መሸፈን፣ ሲጋራና መጠጥ ይዞ አለመግባት ግድ ነው። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ከሰው ጋር ተቀምጣችሁ ዝማሬውን ትሰማላችሁ፤ ሲያልቅ ላንጋር ትበላላችሁ።