የዩክሬን ባለ 100 ካርቦቫኔትስ ኖት ምንድን ነው?

ባለ 100 ካርቦቫኔትስ የዩክሬን ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ያወጣው የመጀመሪያው የገንዘብ ኖት ነው። ወረቀቱ ላይ 1917 ተብሎ ቢታተምም ሕዝቡ እጅ የገባው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1918 ነው። የሚገርመው፣ ያን ቀን ዩክሬን ገና ሙሉ ነጻነቷን አላወጀችም። ያወጀችው ከ17 ቀን በኋላ ነው። ገንዘቡ አገሩን ቀደመው።

ያስቸኮለው የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነበር። የሩሲያ ገንዘብ ሩብል የሚታተመው በያኔዋ የሩሲያ ዋና ከተማ ፔትሮግራድ ነበር፤ ፔትሮግራድን ደግሞ የሌኒን ኮሚኒስቶች፣ ቦልሼቪኮች፣ ይዘዋታል። ኪየቭ የነበረው የማዕከላዊ ራዳ (የዩክሬን ምክር ቤት) መንግሥት የራሱን ማተም ግድ ሆነበት። ዋጋው ከዛሩ የወርቅ ሩብል ጋር እኩል ተደረገ፤ አንዱ ካርቦቫኔትስ 0.77 ግራም ገደማ ንጹሕ ወርቅ ተተመነ።

ንድፉን የሠራው ሄዮርሂ ናርቡት ነው። መጻሕፍትን በሥዕልና በጌጥ በማሳመር የታወቀ ሰው ነበር፤ ሙያውም ኖቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የንጉሥ ወይም የመሪ ምስል የለበትም። ወረቀቱን የሞላው የዩክሬን ባሮክ ዘመን (የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን) ጌጥ ነው፤ የብራና መጽሐፍ ሐረግ አይቶ ያደገ ሰው ዓይኑ ቶሎ ይለምደዋል። በጌጡ መሀል የጥንቱ የኪየቭ ገዥ የልዑል ቮሎዲሚር ባለ ሦስት ሹል ምልክት፣ ትሪዙብ፣ አለ። የኪየቭ ከተማ የድሮ ምልክት የሆነው ቀስትም አብሮ ገብቷል። ትሪዙብ በሕግ የመንግሥት አርማ የሆነው ከዚያ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1918 ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን ጽሑፉ ነው። የገንዘቡ መጠን በአራት ቋንቋ ሰፍሯል፦ በዩክሬንኛ፣ በሩሲያኛ፣ በፖላንድኛና በይዲሽ። ይዲሽ በዕብራይስጥ ፊደል የሚጻፍ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው። ራዳው በኖቬምበር 1917 ባወጣው አዋጅ ለሩሲያውያን፣ ለአይሁዶችና ለፖላንዳውያን የራስ አስተዳደር መብት ቃል ገብቶ ነበር። ያ ቃል በዚህ ወረቀት ሰው ኪስ ገባ። ገበያ የወጣች አይሁዳዊት እናት ገንዘቧን በራሷ ፊደል ማንበብ ቻለች። ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ማርች 1918 ላይ ራዳው ሂሪቭኒያ የተባለ ሌላ ገንዘብ ደነገገ፤ ሁለቱ በአንድ ካርቦቫኔትስ ሂሳብ። በርሊን ለታተሙት ሂሪቭኒያዎችም ናርቡት ንድፍ ሠርቷል። በ1920 ኪየቭ ውስጥ ሲሞት ገና 34 ዓመቱ ነበር። ካርቦቫኔትስ የሚለው ስም ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ እንደገና መጣ፤ የዋጋ ንረት ግን አደቀቀው። በሴፕቴምበር 1996 ለሂሪቭኒያ ቦታውን ሲለቅ ምንዛሬው 100,000 በ1 ነበር።