ደንገጎን የሚወርድ ፍሬን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው የፍሬን ክፍል)፣ ከኋላው ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰፊ ዲስክ። «ጋሼ፣ ይሄን ለሴሊካዬ ላስገባላት ነው። አቦ፣ ከዚህ በኋላ ደንገጎን እንደ ልቤ ነው የምወርደው!» አለኝ። ሴሊካዋ ባለሁለት በር፣ ዕድሜ የጠገበች የቶዮታ ስፖርት መኪና ናት። እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚሳሳላት። ደስታው ደስ አለኝ። «እንደ ልቤ» ያላት ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታሳስበኝ አደረች።

ብዙ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ፍሬን ነበር ዋና ሥራዬ። ልጁ የተናገረውን ከስንቱ ሰው ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ለእሱ የነገርኩትን ለሌላውም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጻፍኩት።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከሐረር ሲነሱ አወዳይን፣ ሐረማያንና አዴሌን አልፈው ደንገጎ ይደርሳሉ። እስከዚያ ድረስ ደጋ ለደጋ ነው። ከደንገጎ በኋላ ጥምዝምዙ ይጀምራል፣ ድሬ እስኪገባም ቁልቁል ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ወደ 1,200። ልዩነቱን 700 ሜትር እንበለው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ እንመለስበታለን።

«ትልቅ ፍሬን መኪናን ባጭር ርቀት ያቆማል»

ልጁም መጀመሪያ ያለኝ ይህንኑ ነው። እውነታው ሌላ ነው። ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ነው። መኪናዋን የሚይዛት ጎማው ነው። ጎማው አስፋልቱን መጨበጥ ካቃተው ፍሬኑ የቱንም ያህል ቢገዝፍ መኪናዋ ትንሸራተታለች።

መሞከር ቀላል ነው። ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ፣ በመጠነኛ ፍጥነት፣ ፔዳሉን አጥብቀህ ርገጥ። ጎማው ተቆልፎ ከጮኸ፣ ወይም ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያላት መኪና ሆና ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ከተንቀጠቀጠ፣ ያለህ ፍሬን ከጎማህ ጉልበት በላይ ነው ማለት ነው። ስድስት ፒስተን ያለው ካሊፐር ብታስገባም መኪናዋ እዚያው ቦታ ላይ ነው የምትቆመው። በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ደህና ጎማ ያለው መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ ለመቆም 30 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል። አስፋልቱ ሲርስ 50 ሜትር ሊደርስ ይችላል። መኪናው ያው፣ ፍሬኑም ያው ነው። የተለየው ጎማው መሬቱን የጨበጠበት ኃይል ብቻ ነው።

የሴሊካዋን ጎማ ዝቅ ብዬ አየሁት። ጥርሱ አለ፣ ጎኑ ግን በደቃቁ ተሰነጣጥቋል። የድሬ ፀሐይ ጎማን እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ሳያልቅ ይደርቃል። ጎማው ጎን ላይ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩ አራት አሃዞች አሉ። 2314 የሚል ከሆነ በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። እንዲህ የደረቀ ጎማ ላይ ውድ ካሊፐር መግጠም ገንዘቡን መንገድ ላይ መበተን ነው አልኩት። ትንሽ ከፋው። መናገር ግን ነበረብኝ።

ታዲያ ትልቅ ዲስክ ለምን ተሠራ? ለሙቀት ነው። የፍሬን ሥራ የመኪናን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፤ ሌላ ምትሃት የለውም። 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደች ሙሉ በሙሉ ስትቆም ወደ 460 ኪሎ ጁል ሙቀት ታወጣለች። ያቺው መኪና 700 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የምትለቀው ኃይል 8,200 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ከ100 ወደ ዜሮ 18 ጊዜ በተከታታይ እንደመቆም ማለት ነው። አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረውን ሞተሩና ፍሬኑ ይካፈሉታል። ሞተሩ ስንት ይውሰድ፣ ፍሬኑ ስንት ይውሰድ የሚለውን የምትወስነው አንተ ነህ፣ በማርሽህ።

ትልቅና ወፍራም ዲስክ ብዙ ብረት ስላለው ብዙ ሙቀት ይሸከማል። መሃሉ ነፋስ ማሳለፊያ ያለው ከሆነም ቶሎ ይበርዳል። ስለዚህ በእሽቅድምድም ሜዳ እየዞረ ደጋግሞ ለሚረግጥ ሰው ጥቅሙ እውነተኛ ነው። አሥረኛውም ዙር ላይ ፍሬኑ እንደ መጀመሪያው ይይዝለታል።

«ፍሬኑ በጠሰ»

አደጋ በደረሰ ቁጥር የምንሰማት ቃል ናት። «ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ።» ሰው የሆነ ገመድ የተቆረጠ ይመስለዋል። ቱቦ የሚፈነዳበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። እኔ ግን ከቁልቁለት በኋላ «በጠሰ» ተብለው ተጎትተው ከመጡልኝ መኪኖች በብዙዎቹ ላይ የተቆረጠ ነገር አላገኘሁም። ቱቦው ደህና፣ ፍሬን ማስተሩም (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ደህና። መኪናው አድሮ ሲበርድ ፍሬኑ ይይዛል! ባለቤቱም ግራ ይጋባል።

የሆነው ከሁለት አንዱ ነው። ሁለቱን መለየት ነፍስ ያድናል።

የመጀመሪያው ዲስኩን ተጭኖ የሚይዘው ሸራ መጋል ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ እግርህ ሥር ድንጋይ ይሆናል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። የተቃጠለ ሸራ ሽታም ይመጣል። ሸራው ከአቅሙ በላይ ስለጋለ ዲስኩን መያዝ አቅቶታል።

ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ መፍላት ነው፤ የሚያስፈራው ይሄ ነው። ፔዳሉ ይለሰልስና ወለል ድረስ ይሰምጣል። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይመጥጣል። ዓመታት ሲያልፉ ውሃ እየጠጣ ይሄዳል፣ የሚፈላበት ሙቀትም ይወርዳል። ዶት በሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ መሠረት አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲስ ሆኖ 230፣ እርጥበት ይዞ 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግርህ የሚጫነው እንፋሎቱን ነው፤ ካሊፐሩ ጋ የሚደርስ ጉልበት የለም።

የሴሊካዋን የፍሬን ዘይት ክዳን ስከፍት ጥቁር ቡና የመሰለ ነገር አየሁ። አዲሱ ቀጭን ሻይ ነው የሚመስለው። «መቼ ነው የተቀየረው?» አልኩት። «ሲጎድል እጨምርበታለሁ» አለኝ። ይሄም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። መጨመር መቀየር አይደለም፤ እንዲያውም ዘይቱ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሸራው እያለቀ ወይም የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ስለሆነ ምክንያቱን ሳያዩ መሙላት ምልክቱን መደበቅ ነው። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣና አዲስ ይግባ፣ አየሩም ከአራቱም ጎማ ይውጣ። መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስም አይሁን፤ እዚያው ቆሞ እርጥበት ሲጠጣ ነበርና። ከካሊፐሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ይህ ሁሉ ኢምንት ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ዶት 5 ልጠቀም፣ ቁጥሩ ይበልጣል» የሚል ይመጣል። ተው! ዶት 5 ከሲሊኮን የተሠራ ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ነው። ከዶት 3ና ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም፣ ለኤቢኤስም አይስማማም። ከፍ ያለ ከፈለግህ ዶት 5.1 አለ። ስማቸው ቢቀራረብም ነገራቸው የተለያየ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የመኪናህ ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብብ።

«ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል»

ነዳጅ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ሰው ለምን እንደሚፈተን ይገባኛል። ግን በኢንጄክሽን የሚሠራ መኪና ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ካርቡራቶር ላላቸው፣ እንደ ሐረር አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች፣ ሒሳቡ ይለያል። ቢሆንም ከነፍስ የሚበልጥ ቁጠባ የለም። ዜሮ ማርሽ ማለት ያንን 8,200 ኪሎ ጁል እንዳለ ፍሬኑ ላይ መጫን ነው። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ የባሰ ነው፤ የእግርህን ጫና የሚያግዘው ሰርቮ ጉልበቱን ያጣል፣ መሪውም ይከብዳል።

የድሮ ሾፌሮች «የወጣህበት ማርሽ ያወርድሃል» ይሉ ነበር። ልክ ናቸው። ደንገጎን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ የሚወጣ መኪና በዚያው ይውረድ። አውቶማቲክ ከሆነም ወደ 2 ወይም ወደ ኤል ዝቅ ይደረግ። ፍሬኑን እያሹ መውረድ አያስፈልግም፤ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነት መቀነስና መልቀቅ ነው። በለቀቅህበት ጊዜ ዲስኩ ይተነፍሳል። በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ሰውና ዕቃ ሞልተው የሚወርዱ መኪኖች ሳይ ይህን አንድ በአንድ እያስቆምኩ ብነግራቸው እመኛለሁ። ጭነት ሲጨምር ሙቀቱም በዚያው ልክ ነውና።

«ሲግል ውሃ አፍስስበት»

በፍጹም። የጋለ ብረት ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ዲስክም ታምቡርም ሊሰነጠቅ ወይም ሊጣመም ይችላል። ፍሬኑ ከጋለ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፈው፣ ማርሽ ውስጥ አስገባውና ጠብቅ። የእጅ ፍሬኑን አትሳብ፤ የጋለው ሸራ እዚያው ተጣብቆ ይቆያል።

ቀዳዳ ስላለው ዲስክም ጠይቆኛል። ሲያዩት ያምራል። ዝናብ ላይ ውሃውን ለማራገፍ ይረዳል፣ ክብደትም ይቀንሳል። ግን በየቀዳዳው ብረት ጎድሏል፤ ብረት ሲጎድል ሙቀት መሸከሚያው ይቀንሳል፣ ሥራ ሲበዛበትም ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጫፍ ነው። ለእኛ መንገድ ፊቱ ያልተበሳ ደህና ዲስክ እመርጣለሁ።

የእሽቅድምድም ሸራስ? እሱ ሲሞቅ ነው የሚይዘው። ጠዋት ከሳቢያን ሰፈር ተነስተህ የመጀመሪያው መስቀለኛ ላይ ባጃጅ ድንገት ሲገባብህ ገና ቀዝቃዛ ነው። ለመንገድ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ሸራ ይበቃል።

«የፊቱን ብቻ ባሳድግ ምን አለበት?»

መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊት ፍሬን አብዛኛውን ሥራ መሥራቱ እውነት ነው። ፋብሪካው ግን የፊቱንና የኋላውን አመጣጥኖ ነው የሠራው። ፊቱን ብቻ በጣም ስታበረታው የፊት ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል፣ የኋላው አቅሙን ሳይጠቀም ይቀራል። መቆሚያ ርቀትህ ሊረዝም ሁሉ ይችላል! በዚያ ላይ ትልልቅ ፒስተኖች ብዙ ዘይት ይፈልጋሉ። በድሮው ማስተር ላይ ሲገጠሙ ፔዳሉ ወደ ታች ይርቃል። ቸርኬውስ ያስገባዋል? የልጁ ቸርኬ አያስገባውም ነበር፤ ያንን የለካነው በካርቶን ቆርጠን ነው።

ፔዳል ሲንቀጠቀጥ «ዲስኩ ተጣሟል» ብሎ ቶርኖ ቤት መሮጥም አለ። ብዙ ጊዜ ዲስኩ አልተጣመመም፤ የጋለ ሸራ ቅሪት ፊቱ ላይ እኩል ሳይሆን ተለጥፎበት ነው፣ ወይም ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ተለያይቷል። ቶርኖ ሊያስተካክለው ይችላል። ግን ዲስኩ ላይ የተቀረጸ ዝቅተኛ ውፍረት አለ። ከዚያ በታች ከሆነ ዲስኩ ይጣል እንጂ አይቆረጥ። የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል።

ልጁ በመጨረሻ ቀዩን ካሊፐር ለጊዜው ተወው። አራት አዲስ ጎማ፣ ዶት 4 ዘይት፣ ለፊትና ለኋላ ደህና ሸራ፣ ለፊት አዲስ ያልተበሳ ዲስክ ገዛ። ዲስኩ በፋብሪካው ልክ ነው። እኔና እሱ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ገጠምነው። ሲያልቅ እጁን እየጠረገ «በቃ፣ አሁኑኑ ሐረር ደርሼ ልመለስ?» አለኝ።

ይህም የመጨረሻው ስህተት ነው፤ አዲስ ሸራ እንደተገጠመ ለቁልቁለት ዝግጁ አይደለም። ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ስለዚህ ወደ ሽንሌ በሚወጣው ሜዳ መንገድ ይዤው ሄድኩ። ከ60 ወደ 20 ጠበቅ አድርጎ መቀነስ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ መልቀቅ፣ እንዲበርድ ትንሽ መንዳት፣ እንደገና መድገም። አሥር ጊዜ ያህል አደረግነው። ስድስተኛው ላይ ትንሽ ሸተተ፣ ስምንተኛው ላይ ፔዳሉ ጠንከር አለ። ከዚያ ፍሬን ሳንነካ ቀስ ብለን ነዳንና ጥላ ሥር አቆምናት። የእጅ ፍሬኑን ሊስብ እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት። ሳቀና ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ተዋት።