የሥነ ልቦና መጠይቅ አስተማማኝነትና ተገቢነት በጣና ዙሪያ

አስተማማኝነት የአንድ መጠይቅ ነጥብ በአጋጣሚ ሳይዋዥቅ ምን ያህል እንደሚጸና ያሳያል። ተገቢነት ደግሞ ለነጥቡ የምንሰጠው ትርጉም ማስረጃ አለው ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ያልጸና ነጥብ የጸና ትርጉም አይኖረውም፤ ጸና ማለት ግን የተፈለገውን ለካ ማለት አይደለም። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ይህን ልዩነት አጉልታ የምታሳየው ወባ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኤስአርኪው-20 ስላለፉት 30 ቀናት የሚጠይቅ፣ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለስ ባለ 20 ጥያቄ የአእምሮ ጤና ችግር መለያ ነው። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ቶሎ መድከም ከጥያቄዎቹ መካከል ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ወባ ስትነሳ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ይመጣሉ። በሐይቁ ዳር ያለው ቢልሃርዚያም ሆድን ያውካል። አብረው የሚመጡ መልሶች የመጠይቁን የውስጥ ወጥነት፣ ማለትም የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መስማማት፣ ከፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የዚህ ወጥነት መለኪያ የሆነው አልፋ የሚሉት ቁጥር አምሮ ሳለ የተለካው ትኩሳት ሊሆን ይችላል። የአካል ምልክቶቹን ለብቻ ደምሮ ማየት፣ የወባ ምርመራ ውጤትን አብሮ መመዝገብ፣ ነጥቡንም ባለሙያ በቃለ መጠይቅ ከደረሰበት ውሳኔ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

አልፋን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ክሮንባክ በ1951 እ.አ.አ. በጻፈው ጽሑፍ አስፋፋው። ለ«አዎ/አይ» ጥያቄዎች ኩደርና ሪቻርድሰን በ1937 ያወጡት ቀመር 20 ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። 0.70 የተለመደ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። አልፋ በጥያቄ ብዛትም ያድጋል፦ የጥያቄዎቹ የእርስ በርስ አማካይ ዝምድና 0.15 ብቻ ቢሆን እንኳ 20 ጥያቄ 0.78 ያህል ያስገኛል፤ 5 ጥያቄ ግን 0.47 ገደማ። «አልፋው 0.78 ስለሆነ መጠይቁ ተገቢ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ምንም አላረጋገጠም።

ከአልፋ ይልቅ ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ የሚጠቅመው የልኬት ስሕተቱ፣ ማለትም የተገኘው ነጥብ ከእውነተኛው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚያሳየው ቁጥር ነው። የነጥቦቹ መደበኛ ልይይት (ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን) 4፣ አስተማማኝነቱ 0.75 ቢሆን ስሕተቱ 4 ሲባዛ በ0.25 ካሬ ሥር፣ ማለትም 2 ይሆናል። 8 ያገኘ ሰው እውነተኛ ነጥቡ ከ6 እስከ 10 ሊዋልል ይችላል። መቁረጫው፣ ማለትም ችግር ሊኖር ይችላል የሚባልበት መነሻ ነጥብ፣ 8 ከሆነ 7 ያገኘችውን በደፈናው «ደህና ነሽ» ብሎ መሸኘት አይገባም።

አስተማማኝነትን ለመፈተሽ መጠይቁን ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ መስጠትም የተለመደ ነው፤ በመካከሉ ሁለት ሳምንት ያህል ይበቃል። የመጀመሪያው በሕማማት፣ ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ከዋለ ግን የምግብና የእንቅልፍ መልሶች የሚለወጡት መለኪያው ስለተበላሸ ሳይሆን ጾሙ ስለተፈታ ነው።

ከሁሉ አስቸጋሪው ትርጉሙ ነው። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ይህ ግን «ሆድ» የሚለውን ቃል አያጠራውም። ስለ ሆድ አለመመቸት የሚጠይቀው «ሆድዎን ደስ የማይል ስሜት ይሰማዋል?» ከተባለ፣ አንዲት የዘጌ እናት ሆድ መባሱን፣ ባር ባር ማለቱን ልትመልስ ትችላለች፤ ሌላዋ ስለ ጨጓራዋ ትናገራለች። ስለዚህ መልሱን ብቻ ሳይሆን «ምን የተጠየቁ መሰለዎት?» ብሎ መጠየቅ ያሻል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ያሉ ተማሪዎችን ብቻ ጠይቆ ለዘጌ ቡና አምራቾች ማዋልም ይህን ስሕተት ይደብቃል።

አሉታዊ ጥያቄም ወጥመድ ነው። «ደስታ አይሰማዎትም?» ሲባል «አዎ» ያለ ሰው «አይሰማኝም» ማለቱ ነው፤ ሌላው «አዎ፣ ይሰማኛል» ሊል ፈልጎ ያንኑ ቃል ይመልሳል። መዝጋቢው ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ምልክት ያደርግባቸዋል። «ደስታ ይሰማዎታል?» ብሎ ነጥቡን መገልበጥ፣ ማለትም «አይ» ለሚለው ነጥብ መስጠት ይሻላል።

መጠይቁ ተነብቦ የሚሞላ ከሆነ አንባቢው ማን እንደሆነና ማን እንደሚሰማ ይታሰብ። ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቀው 17ኛው ጥያቄ አማት ወይም ጎረቤት በተቀመጠበት ከተነበበ መልሱ «ኧረ በስመ አብ!» ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረውም «አይ»።