ስለ ድርጭት ማስፈልፈል ጎንደር ላይ የሚወራውና እውነቱ

ቤቴ ውስጥ ድርጭት ላርባ እያለ ሚጠይቀኝ ሰው እየበዛ ነው፣ ማራኪ ያለውም አዘዞ ያለውም ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፣ ሰምቶት የመጣው የተሳሳተ ወሬም ተመሳሳይ ነው። ብዙ እንቁላልና ብዙ ጫጩት በከንቱ ሚጠፋው በዚ ወሬ ስለሆነ አንድ ላይ ልጻፈው ብያለሁ። ማወራው ለእንቁላል ብላችሁ ስለምትገዟት ስለ ጃፓን ድርጭት ነው፣ ሜዳ ላይ ከሳር ውስጥ ብር ብላ ምትነሳው የዱሯ ሌላ ናት፣ እሷን አጥምዶ ማርባት ይቅርባችሁ።

"ድርጭት ማለት ትንሽ ዶሮ ናት፣ ዶሮ ያረባ ሰው አይከብደውም"

አብዛኛው ጥፋት ሚጀምረው ከዚች አባባል ነው። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈልጋል፣ የድርጭት ግን በ17 ወይ በ18 ቀን ይፈለፈላል። ሰውየው ግን የዶሮውን ቀን ቆጥሮ እስከ 18ኛው ቀን እንቁላሉን ያገላብጣል፣ ማስፈልፈያ ማሽኑ ራሱ ሚያገላብጥ ከሆነ ደግሞ ጫጩቷ ማገላበጫው ላይ እንዳለች ትወጣና እግሯ ተይዞ ይሰበራል። ለድርጭት ማገላበጥ ሚቆመው በ14ኛው ወይ በ15ኛው ቀን ነው፣ ከዛ በኋላ እንቁላሉን ከማገላበጫው አውጥቶ ማስተኛት፣ እርጥበቱን ከፍ ማድረግና ክዳኑን አለመንካት ነው። ደግሞ መጠኑን አስቡት፣ እንቁላሏ ከ10 እስከ 12 ግራም፣ ጫጩቷ ከ6 እስከ 8 ግራም ናት። ይቺን ያህል ነገር የዶሮ ጫጩት ሚችለውን ብርድ አትችልም።

"ራሷ ትታቀፈዋለች፣ ካልሆነም የሀበሻ ዶሮ ታቅፋለች"

የጃፓን ድርጭት ለእንቁላል እየተመረጠች ብዙ ትውልድ ስለተራባች መታቀፍ ትታለች ማለት ይቻላል፣ የትም ጥላው ትሄዳለች። የሀበሻ ዶሮ ጥሩ አቃፊ ናት እውነት ነው፣ ግን ለዚች ስስ ቅርፊት ትከብዳለች ትሰብረዋለች፣ የወጡትንም ትረግጣቸዋለች፣ በዛ ላይ ዶሮዋ ሳያማት ይዛው ያለችውን በሽታ ለጫጩቶቹ ታስተላልፋለች። ስለዚ ማሽን ያስፈልጋል።

እንቁላሉስ ከየት? ሁሉም እንቁላል አይፈለፈልም፣ ወንድ ያለበት ቤት መሆን አለበት፣ ለ3 ወይ ለ4 ሴት አንድ ወንድ። ያልታጠበ፣ ፍሪጅ ያልገባ፣ ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው ይሻላል፣ 10 ቀን ካለፈ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ሚያስመጣ ሰው ደግሞ እቃው ገና እንደደረሰ ማሽን ውስጥ ይከተዋል፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሲንገጫገጭ ስለመጣ ውስጡ ያለው የአየር ኪስ ተናግቷል። ሹሉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ከ12 እስከ 24 ሰዓት አሳርፉት፣ ከዛ አስገቡ።

"ማሽኑ 37.5 ካለ 37.5 ነው"

አይደለም። የርካሽ ማሽን ቁጥር አንድ ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፣ አንድ ዲግሪ ደግሞ እዚህ ላይ ብዙ ነው። ፋን ላለው ማሽን 37.5 እስከ 37.7፣ በካርቶንና በአምፖል ቤት ውስጥ ለተሰራው ፋን ለሌለው ግን የእንቁላሉ አናት ላይ ሲለካ 38.5 አካባቢ መሆን አለበት። መለኪያችሁን መፈተን ስትፈልጉ የፈላ ውሀ ውስጥ ክተቱት ሚል ምክር አለ፣ 100 ካሳየ ልክ ነው ይላሉ። ጎንደር ላይ ይሄ አይሰራም! ከተማችን ከባህር ወለል 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሀ ሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ ስለዚ ትክክለኛውን መለኪያ ተበላሽቷል ብላችሁ ትጥላላችሁ ወይ ደግሞ 7 ዲግሪ "ታስተካክሉና" ሽሉን ሁሉ ትጨርሱታላችሁ። በረዶ ውሀ ውስጥ አድርጋችሁ ዜሮ ማሳየቱን እዩ፣ ወይም ለብ ያለ ውሀ ውስጥ ከሰው የትኩሳት መለኪያ ጋር አስተያዩት፣ እሱ በምንፈልገው ዲግሪ አካባቢ ስለሚለካ ከሁሉም ይሻላል።

"ውሀ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው"

ከፍታው እዚህም ይገባል። አየሩ ሳሳ ሲል እንቁላሉ ውስጥ ያለው ውሀ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ይተናል፣ በበጋ ማለትም ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ አየር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፣ ያኔ ማሽኑ ውሀ ይፈልጋል። ክረምት ላይ ግን ሐምሌና ነሐሴ ቤቱ ራሱ እርጥብ ነው፣ ያኔም ገንዳውን ሁሉ ሞልታችሁ ካስቀመጣችሁ እንቁላሉ መትነን ያለበት ውሀ አይተንም፣ የአየር ኪሱ ትንሽ እንደሆነ ይቀራል፣ ጫጩቷ ቅርፊቱን ሳትነቁር እዛው ውስጥ ታፍና ትሞታለች። መጽሐፉ ሚለው የማሽኑ አየር እርጥበት እስከ 14ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዛ በኋላ ከ65 እስከ 70 በመቶ ነው፣ እኔ ግን ሚዛን እመርጣለሁ። 10 እንቁላል ሲገባ 110 ግራም ከነበረ በ14ኛው ቀን 96 እስከ 98 ግራም መሆን አለበት፣ ከዛ በላይ ከከበደ እርጥበቱ በዝቷል፣ ከቀለለ ደርቋል። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይበቃል።

የአየር ቀዳዳውን ሙቀት እንዳይወጣ ብሎ ሚደፍን ሰውም አለ። እኛ ከተማ ኦክስጅኑ ድሮም ከቆላው ያነሰ ነው፣ ሽሉ ደግሞ መጨረሻው ቀናት ላይ ነው ብዙ አየር ሚፈልገው፣ ስለዚ በጭራሽ አትድፈኑት።

"መብራት ከሄደ አለቀ"

ይሄ ሰዉን በጣም ያስፈራዋል፣ ተስፋ ቆርጦ እንቁላሉን ሚጥልም አለ። ሽል ከብርድ ይልቅ ሙቀትን ነው ማይችለው፣ ጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ እድገቱ ይዘገያል እንጂ ሁሉም አይሞትም፣ መፈልፈያው ቀን ቢገፋ ነው፤ 40 ዲግሪን አልፎ ከቆየ ግን በአጭር ጊዜ ያልቃል። መብራት ሲሄድ ማሽኑን አትክፈቱ፣ ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ አልብሱት፣ የአየር ቀዳዳው ግን ክፍት ይሁን፣ ከቆየ ሙቅ ውሀ የሞላ ሃይላንድ ከእንቁላሉ አጠገብ አስቀምጡ። ከሰል አያይዛችሁ ከጎኑ ማስቀመጥ ግን በፍጹም አይሆንም፣ ጭሱ ባይታያችሁም ካርቦን ሞኖክሳይድ ጫጩቱንም እዛ ክፍል የተኛውን ሰውም ይገድላል፣ ልጆች ባሉበት ቤት ይሄን አደራ እላለሁ።

"ስትወጣ ማገዝ አለብን"

አንዷ ቅርፊቱን ነቁራ ሰዓታት ስትቆይ እጃችን ይበላናል። መጀመሪያ ከምትነቁርበት እስክትወጣ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴ ከዛ በላይ ሊፈጅባት ይችላል፣ በዚ ጊዜ ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ደም ሥር እየደረቀ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዷ እያስገባች ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ አንዷን ስታግዙ እርጥበቱ ይወጣና የሌሎቹ ስስ ሽፋን ደርቆ ላያቸው ላይ ይጣበቃል። የወጡትም ይራባቸዋል ብላችሁ አትቸኩሉ፣ አስኳሉ 24 ሰዓት ያቆያቸዋል፣ ላባቸው እስኪደርቅ እዛው ይቆዩ።

ከዛ ካርቶን ውስጥ ስታስገቡ ጋዜጣ እንዳታነጥፉ፣ ይንሸራተታሉ፣ እግራቸው ወደ ጎን ይከፈትና እንደዛው ይቀራል። መጀመሪያ ቀናት ሸካራ ጨርቅ አንጥፉ፣ ደቃቅ ሰጋቱራም አይሁን ምግብ መስሏቸው ይበሉታል። ሙቀቱ የመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ፣ ላባቸው ሲሞላ ማለትም ሦስተኛ አራተኛው ሳምንት ላይ ማሞቂያው ይቀራል፤ የህዳርና የታህሳስ ሌሊት ግን ታውቁታላችሁ፣ ያኔ ትንሽ አቆዩላቸው። ተቃቅፈው ሚጮሁ ከሆነ በርዷቸዋል፣ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው ከተኙ ልክ ነው።

ውሀ። ብዙ ሰው ጫጩቶቼ በሽታ ገባባቸው ሚለው ውሀ ውስጥ ሰጥመው ነው! ዝቅ ያለ ሰሀን ውስጥ እንኳን ይሰጥማሉ። የጀሪካን ክዳን ላይ ጠጠር ሞልታችሁ በጠጠሩ መሀል ውሀ አድርጉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠጠሩን ታነሳላችሁ።

"የእንጀራ ፍርፋሪና የዶሮ መኖ ይበቃታል"

የእንጀራ ፍርፋሪ አያሳድጋትም። የድርጭት ጫጩት መኖ ፕሮቲኑ ከ24 በመቶ በላይ ሲሆን ነው በደንብ ምታድገው፣ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ግን 16 ወይ 17 በመቶ አካባቢ ነው፣ ካልሲየሙ ደግሞ ለጫጩት ይበዛል። ስታርተር ሚባለውን የዶሮ ጫጩት ማስጀመሪያ መኖ ብትገዙ እንኳን የተጠበሰ የአኩሪ አተር ዱቄት ጨምሩበትና እንደገና አስፈጭታችሁ በወንፊት ንፉት፣ አፏ ትንሽ ናት ትልቁን ፍሬ ትታ ትራባለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ተቀቅሎ በደንብ የደቀቀ እንቁላል መጨመር ይረዳል፣ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ አንሱ። የኑግ ፋጉሎ ጥሩ ነገር ነው፣ ገለባው ስለሚበዛ ግን ብቻውን አይሆንም።

"አድጋ እንቁላል አቆመች፣ ዘሯ ነው"

ዘሯ ላይሆን ይችላል። ድርጭት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ መጣል ትጀምራለች፣ በደንብ ለመጣል ግን በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ጎንደር ላይ በረጅሙ የሰኔ ቀን እንኳን ብርሃኑ 13 ሰዓት አይሞላም! ስለዚ ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ ደከም ያለ አምፖል ሁለት ሦስት ሰዓት ማብራት ነው። ጣሪያውን ደግሞ ወይ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ዝቅ አድርጉት ወይ የሰው ቁመት ያህል ከፍ አድርጉት፣ መሀሉ ላይ ከሆነ ደንግጣ ወደ ላይ ስትዘል ጭንቅላቷን ትሰብራለች።

"ድርጭት አትታመምም" ሚለውን ሻጮች ናቸው ሚያወሩት። ትታመማለች። ፈንግል ይይዛታል፣ ኮክሲዲያ ሚባለው የአንጀት በሽታም ይይዛታል፣ ከዶሮ ጋር አንድ ቤት ማዋልም ለዚ ነው ማይመከረው። ከቅዳሜ ገበያ ዶሮ ገዝታችሁ ስትመጡ እጃችሁን ሳትታጠቡና ጫማ ሳትቀይሩ ወደ ድርጭቶቹ አትግቡ። በአንዴ ብዙ ከሞተባችሁ መድሀኒት በግምት አትስጡ፣ የሞተውን አዲስ ሳለ በፌስታል አድርጋችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱ፣ ከተማችን ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ እያለን በወሬ ማከም ተገቢ አይመስለኝም።

"እንቁላሏ መድሀኒት ነው፣ ኮሌስትሮል የለውም"

ይሄኛው ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የታመመ ሰው ነው ሚያምነው። በ100 ግራም ሲሰላ የድርጭት እንቁላል 840 ሚሊ ግራም አካባቢ ኮሌስትሮል አለው፣ የዶሮው 370 አካባቢ ነው፣ ማለትም ከእጥፍ በላይ። ፕሮቲኑ ሁለቱም ጋ 13 በመቶ ገደማ ነው። ጥሩ ምግብ ነው፣ አስምና ስኳር ግን አያድንም፣ መድሀኒቱን አቁሞ እንቁላል ሚጠጣ ሰው ካያችሁ እባካችሁ ንገሩት። ጥሬውን ጠጡት ሳልሞኔላ የለበትም ሚባለውም ውሸት ነው፣ ሊኖርበት ይችላል፣ አብስሉት። የዶሮ እንቁላል አለርጂ ያለበት ልጅም የድርጭቱ ሊያስነሳበት ስለሚችል ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጠው።

አይበላም ሚሉ እናቶችም አጋጥመውኛል፣ ለነሱ ኦሪት ዘጸአት 16 ላይ እስራኤል በምድረ በዳ የበሉት ድርጭት መሆኑን እነግራቸዋለሁ፣ ካልረኩ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

ገበያውን በተመለከተ ደግሞ ኬንያን እዩ። በ2013 እና 2014 እ.ኤ.አ. እንቁላሉ መድሀኒት ነው ተብሎ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ሁሉም ሰው ድርጭት ገዛ፣ ብዙም ሳይቆይ ሻጭ እንጂ ገዢ ጠፋና ዋጋው ወደቀ፣ ተበድሮ የገባው ሰው ከነወፎቹ ቀረ። ስለዚ መጀመሪያ ሆቴሉንም ጎረቤቱንም ጠይቃችሁ ምን ያህል እንደሚገዟችሁ እወቁ። ጾሙንም ቁጠሩ፣ ዓብይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ ጊዜ እንቁላል ሚገዛችሁ ጥቂት ነው። እንቁላሉን ማሽን ውስጥ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀድማችሁ ብታስገቡ ጫጩቶቹ ጾሙ እንደገባ ይፈለፈላሉ፣ በጾሙ ያድጋሉ፣ የመጀመሪያው እንቁላል ፋሲካ አካባቢ ይደርሳል።