«ሮም ለሀብታም ናት» ለምትሉኝ ተማሪዎች

ጣሊያን፣ ቦሎኛ መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እስካሁን ሮም ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁሌም ዓርብ ማታ ወጥቼ እሁድ ማታ እመለሳለሁ፤ ሁሌም በስኮላርሺፕ ገንዘብ። ባለፈው ኅዳር ባቡር ደርሶ መልስ፣ ሁለት ሌሊት ሆስቴልና ምግብ ተደምሮ 130 ዩሮ አልሞላም።

ታዲያ ቡዳፔስትና በርሊን የሚማሩ ጓደኞቼ በደወሉ ቁጥር ያንኑ ዘፈን ይዘፍኑልኛል። «ሮም እኮ ለሀብታም ናት።» «በሁለት ቀን ምን ይታያል?» ከሮም በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ የሚርቅ ቦታ እየኖሩ፣ ሳያዩዋት ዲግሪያቸውን ይዘው አገር ቤት የገቡ ልጆች አውቃለሁ። ያበሳጨኛል። ስለዚህ ስለ ሮም የሚወሩትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«የተማሪ መታወቂያ ካለ ሁሉም ቦታ በግማሽ ይገባል»

አይገባም። በጣሊያን የመንግሥት ሙዚየሞችና ጥንታዊ ቦታዎች ቅናሹ የሚታየው በዜግነትና በዕድሜ ነው። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ኮሎሲየም በ2 ዩሮ ይገባል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚማረው ሀበሻ 18 ዩሮ ይከፍላል። እኔም መጀመሪያ ሳውቅ ንዴቴ ሌላ ነበር። ግን ትኬት ቆራጩ ጋ ቆሞ መከራከር ሰልፉን ከማስረዘም በቀር የሚፈይደው የለም። ቫቲካን ግን ሌላ አገር ናት፣ ሕጓም ሌላ ነው። እዚያ ዕድሜው እስከ 25 የሆነ ተማሪ መታወቂያውን ካሳየ፣ ከየትም ይምጣ፣ ሙዚየሙ በቅናሽ ያስገባዋል።

የኮሎሲየም ትኬት ስም ይጻፍበታል፣ በር ላይም ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ።

«የመኖሪያ ፈቃድ ካለ ፓስፖርት አያስፈልግም»

ይቺ ውድ ናት። ከቡዳፔስት ሊመጣ የነበረ ጓደኛዬ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን ብቻ ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። አላሳፈሩትም። የትኬቱ ገንዘብ ቀለጠ፣ እኔም የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ፣ ተርሚኒ፣ ስጠብቅ አመሸሁ። አንድ የሼንገን አገር የሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ሌሎቹ ውስጥ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስኬዳል። ነገር ግን ከሚሠራ ፓስፖርት ጋር ነው። ሁለቱንም ያዙ። ማደሪያም ስትገቡ ይጠየቃል፤ የእንግዳን መታወቂያ መመዝገብ ግዴታቸው ነው። ለከተማው የሚከፈል የማደሪያ ግብርም አለ፤ በሰው በሌሊት ጥቂት ዩሮ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከከፈላችሁት ላይ ተጨማሪ ነውና አትደንግጡ።

«ሮም ሁሉ ነገር ይከፈልበታል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የምትቆረቁረኝ ይቺ ናት። ሰዎች ኮሎሲየምንና የቫቲካንን ሙዚየም ይደምሩና ገንዘቡን አይተው ጉዞውን ይሰርዛሉ። ሌላው ዓለም ትኬት ገዝቶ ሙዚየም ውስጥ የሚያየው ሥዕል ሮም ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዳለ የነገራቸው የለም።

ከፒያሳ ናቮና ጥቂት ደቂቃ በእግር ሄዳችሁ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በግራ በኩል እስከ መጨረሻው ግቡ። የካራቫጆ ሦስት ሥዕሎች አሉ፤ ሦስቱም ስለ ሐዋርያው ማቴዎስ ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ቦታው ጨለማ ነበር፣ ምንም አልታየኝም። አንዲት አሮጊት ሳጥን ውስጥ ሳንቲም ጣሉ። መብራቱ ቦግ አለ። ቀራጩ ማቴዎስ ከአራት ሰዎች ጋር ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጧል፣ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ተበትኗል። በቀኝ በኩል ክርስቶስ ጨለማው ውስጥ ቆሟል፤ የሚታየው ፊቱና የተዘረጋው እጁ ብቻ ነው። ብርሃኑ ከላዩ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ጥግ ላይ ያለው ልጅ ቀና አላለም፣ አሁንም ገንዘቡን ይቆጥራል። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። እኔም ኪሴን ዳበስኩ። ከ1600 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ነው፤ መግቢያ አይጠየቅም።

ከኮሎሲየም አሥር ደቂቃ ሽቅብ ስትወጡ ሳን ፒዬትሮ ኢን ቪንኮሊ አለ። ማይክል አንጄሎ የቀረጸው የሙሴ ሐውልት እዚያ ነው፣ ያውም በነፃ። ራሱ ላይ ቀንድ ስታዩ አትደንግጡ። ዕብራይስጡ የሙሴ ፊት አበራ ሲል የተጠቀመበት ቃል ከቀንድ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የላቲኑ ትርጉም ቀንዱን መረጠ፣ ቀራፂውም የተጻፈውን ቀረጸ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካም ነፃ ነው። እዚያ የሚታየው ሰልፍ የፍተሻ እንጂ የትኬት አይደለም። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ልክ ሲከፈት ከደረሳችሁ፣ ሰልፍ ሳይበዛ ገብታችሁ ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ የተቀረጸችበትን እብነ በረድ በጸጥታ ታያላችሁ። (ሲስቲን ቻፕል ግን ባዚሊካው ውስጥ አይደለም፣ ሙዚየሙ ውስጥ ነው። ስንቱን አስረድቻለሁ።)

ገንዘብ የሚጠየቅባቸው ቦታዎችም ነፃ ቀን አላቸው። በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ የመንግሥት ሙዚየሞችና ኮሎሲየም በነፃ ይከፈታሉ። የቫቲካን ሙዚየም በየወሩ የመጨረሻው እሁድ ከጠዋቱ 3 እስከ 8 ሰዓት ነፃ ነው፤ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን አያስገቡም። ሌሎቹን እሁዶች ጭራሽ ዝግ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ያለው ተማሪ ይህን ሳያይ ትኬት መቁረጥ የለበትም።

ሁለት ነገር ልምከራችሁ። ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያናት እኩለ ቀን ላይ ይዘጋሉ፤ በጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ትከሻና ጉልበትም ይሸፈን። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነጠላ አይጠፋም። እንደኛ የለመደ የለም፣ አውጥቶ ጣል ማድረግ ነው።

«ፓንቴዮን ነፃ ነው።» ይህ ጥንታዊ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ድሮ ነፃ ነበር። ከ2023 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ጀምሮ ግን ይከፈልበታል፤ ሲጀመር 5 ዩሮ ነበር። ይክፈሉት፣ ይገባዋል።

«ሁለት ቀን አይበቃም፣ ትራንስፖርቱም ይበላሻል።» ከተርሚኒ ኮሎሲየም፣ ከዚያ ፓንቴዮን፣ ከዚያ ቅዱስ ጴጥሮስ፦ እያንዳንዱ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ የእግር መንገድ ነው። ሲደክማችሁ የ1 ዩሮ ከ50 ትኬት 100 ደቂቃ ይሠራል፣ ሜትሮ ግን አንዴ ብቻ ያስገባል። አውቶቡስ ላይ የወረቀቱን ትኬት ማሽኑ ላይ አስመቱ። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሁሉም የሚሳፈርበት ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ነው። ከዚያው ተነስቶ ትራስቴቬሬና ቲቡርቲና ጣቢያዎች የሚያደርሰው ተራ ባቡር ደግሞ 8 ዩሮ ነው።

«ውሃና ቡና ኪስ ያራቁታል።» የሚያራቁተው ወንበሩ ነው። ጣሊያን ቆሞ የሚጠጣና ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው ዋጋቸው ይለያያል፤ አደባባይ ዳር ከሆነ ደግሞ ብዙ ይለያያል። ብዙ ቦታ መጀመሪያ ካሳ (ገንዘብ ተቀባዩ ጋ) ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኙን ቡና የሚቀዳበት ባንኮ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ቆማችሁ ትጠጣላችሁ። ማኪያቶ ስትሉ የአዲስ አበባውን እንዳትጠብቁ፤ ወተት ጠብ የተደረገበት ትንሽዬ ቡና ነው። ውሃ ደግሞ ከነጭራሹ አትግዙ። ናዞኒ የሚባሉ የመንገድ ቧንቧዎች ከ2,000 በላይ አሉ፣ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ቀን ከሌት ይፈስሳሉ፣ ንጹሕ ናቸው። አፉን በጣታችሁ ድፈኑት፣ ከላይ ባለው ቀዳዳ ውሃው ቅስት ሠርቶ ይወጣል። ጎንበስ ማለትም አይጠበቅባችሁም።

ፒዛ በክብደት የሚሸጥባቸው ቤቶች ላይ የተለጠፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የ100 ግራም ነው። ሻጩ ቢላውን ፒዛው ላይ አስጠግቶ «ይህን ያህል?» ሲላችሁ «ያነሰ» ለማለት አትፈሩ። በጾም የምትሄዱ ካላችሁ፣ ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው፣ አይብ የለውም።

«የአክሱም ሐውልት እዚያ ነው፣ ፎቶ ተነሺበት»

እናቴ ሳትቀር ብላኛለች። አንዳንድ ልጆች ደግሞ ተርሚኒ አጠገብ ያለውን ሐውልት የኛ ነው ብለው ፎቶ ይለጥፋሉ። ያ የግብፅ ነው፣ የዳግማዊ ራምሴስ። ጣሊያኖች ያቆሙት ግን በኛ ምክንያት ነው፦ በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት ጦር መታሰቢያ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይም «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለው በእነሱ ነው። ሮም ስንሄድ አውቶቡስ የምንጠብቅበት ቦታ ማለት ነው።

የአክሱሙ በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. አክሱም ላይ ቆመ። ሮም ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ባዶውን ቦታ ግን ሄዳችሁ እዩት፣ ምክንያቱም አበበ ቢቂላ በዚያ አልፏል።

ስለ አበበም አንድ ነገር ይታረም። «ጫማ መግዣ አጥቶ በባዶ እግሩ ሮጠ» የሚለውን ፈረንጅም ሀበሻም ያወራዋል። ጫማ ነበር፤ ሮም የተገኘው እግሩን አልተመቸውም። በባዶ እግሩ መሮጥ ደግሞ ለምዶት ነበር፣ እንደዚያው ሮጠ። በ1960 እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ተያይዘው መጡ። የተዘረፈው ሐውልት ያኔ እዚያው ቆሞ ነበር። አበበ እዚያ አካባቢ ፍጥነት ጨመረና ራዲን ጣለው። መድረሻው የነበረው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር።

ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ያለው መንገድ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። ቀጥ ያለ ነው፣ ዳርና ዳሩ ዛፍ ነው፣ በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ያ ፓስፖርቱን የረሳው ጓደኛዬ በዓመቱ መጥቶ እሁድ ማታ ሻንጣችንን እየጎተትን አብረን ሄድንበት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ሻንጣውን ለኔ ሰጠኝና እስከ ቅስቱ ሮጠ።